ራውተሩን ከቡፌው ውስጥ አውጡት

በሥራዬ የቢሮ ኔትወርክ ነው የምዘረጋው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ስልኬ የሚጮኸው በጎረቤት ጉዳይ ነው። «ኢንተርኔቱ ሞቷል፤ እስቲ ብቅ በልና እየው።» የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ሩቅ አልሄድም፤ ደረጃ መውጣትና መውረድ ብቻ ነው። ስደርስ ብዙውን ጊዜ ኢንተርኔቱ አልሞተም። ሳሎን ውስጥ ደህና ይሠራል። መኝታ ቤት ነው የማይደርሰው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይታወቃል። «ፍጥነቱ አንሶ ይሆን? ከፍ ያለውን ላስገባ?» ቆይ፣ መጀመሪያ ሳጥኑ፣ ማለትም ዋይፋዩን የሚረጨው ራውተር፣ የት እንዳለ አሳዩኝ እላለሁ። በየወሩ የምትከፍሉት ብር መስመሩን እስከ ሳጥኑ ድረስ ያመጣዋል። ከሳጥኑ እስከ ስልካችሁ ያለው መንገድ ግን የእናንተ ነው፤ ማንም መጥቶ አያስተካክልላችሁም። እኔ የማያቸው ቤቶች ችግር በአብዛኛው እዚያ ላይ ነው። ማስተካከያው ደግሞ ብዙ ጊዜ ብር አይጠይቅም።

መጀመሪያ መስመሩን እወቁ

አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ኢንተርኔት በገመድ ሲመጣ በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የድሮው የስልክ መስመር ነው፤ መዳብ። ሁለተኛው ፋይበር ነው። የትኛው እንዳላችሁ ለማወቅ ሳጥኑን ከኋላ እዩት። ትንሽዬ የስልክ ኮኔክተር ከገባበት መዳብ ነው። ጫፉ አረንጓዴ የሆነ ቀጭን ገመድ ከገባበት ፋይበር ነው።

መዳብ ከሆነ የቤት ስልኩና ሞደሙ፣ ማለትም የስልክ መስመሩ የሚገባበት ሳጥን፣ በስፕሊተር መለያየት አለባቸው። ስፕሊተር አንድ መግቢያና ሁለት መውጫ ያላት ትንሽ ፕላስቲክ ናት። አንዱ መውጫ ለስልክ፣ ሌላው ለሞደም ነው። ስልኩ በጠራ ቁጥር ኢንተርኔቱ የሚቆረጥ ከሆነ፣ ሌላ ክፍል ውስጥ ስፕሊተር ሳይኖረው በቀጥታ የተሰካ ስልክ ሊኖር ይችላል። ያንን ስልክ ነቅላችሁ ሞክሩ።

ፋይበር ከሆነ ገመዱን በእንክብካቤ ያዙት። ውስጡ ከፀጉር ብዙም የማይወፍር መስታወት ነው። ጠበብ አድርጋችሁ ካጠፋችሁት ብርሃኑ ያመልጣል፤ ጨርሳችሁ ካጠፋችሁት ይሰበራል። ላይኛው ፎቅ ያሉት እትዬ አንድ ቀን ሶፋ አዛውረው ኢንተርኔቱ ጠፋባቸው። የሶፋው እግር ገመዱ ላይ ቆሞ ነበር። ደግነቱ አልተሰበረም፤ ሶፋው ሲነሳ ተመለሰ። የተነቀለ የፋይበር ጫፍ ውስጥ ደግሞ በዓይናችሁ አትመልከቱ። የሚጓዘው ጨረር ለዓይን አይታይም፤ አልታየም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም።

አሁን ወደ መብራቶቹ። ሳጥኑ ላይ ብዙ ይብለጨለጫል፤ እናንተ ግን ሁለቱን ብቻ ለዩ። ፋይበር ላይ «ፖን» የሚለው ሳይብለጨለጭ አረንጓዴ ሆኖ መቆም አለበት። «ሎስ» የሚለው በቀይ ከበራ ከውጭ ብርሃን እየመጣ አይደለም። ገመዱ ታጥፎ ወይም ላላ ብሎ እንደሆነ እዩ። ካልሆነ ችግሩ ከቤታችሁ ውጭ ሊሆን ይችላል። መዳብ ላይ የምታዩት «ዲኤስኤል» የሚለውን ነው። ሳይብለጨለጭ ከበራ መስመሩ አለ፤ የሚብለጨለጭ ከሆነ ገና እየፈለገ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ከሳጥኑ ጀርባ በመርፌ የሚጫን ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ «ሪሴት» ይለዋል። አትንኩት። ልጆችም እንዳይነኩት። ብዙ ሰው «አጥፍቶ ማብራት» እና «ሪሴት» አንድ ይመስለዋል። ማጥፋት ማለት ከሶኬቱ ነቅሎ ትንሽ ቆይቶ መመለስ ነው፤ ምንም አይጠፋም። ሪሴት ግን ቴክኒሻኑ ያስገባውን ሁሉ ሊደመስሰው ይችላል። የመስመራችሁ የተጠቃሚ ስምና ፓስዎርድ አብሮ ከሄደ፣ እነሱ እስኪያስገቡላችሁ ድረስ ቁጭ ነው።

መስመሩ ነው ወይስ ዋይፋዩ?

ይህን ሳይለዩ ምንም አትግዙ። ላፕቶፕ ካላችሁ ዋይፋዩን አጥፉና በኔትወርክ ገመድ ከሳጥኑ ጋር አገናኙት፤ «ላን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቀዳዳ ውስጥ። ከዚያ ፍጥነቱን ለኩ። ላፕቶፕ ከሌለ ስልካችሁን ይዛችሁ ሳጥኑ አጠገብ ቁሙና ለኩ፤ ከዚያ መኝታ ቤት ገብታችሁ ድገሙት።

ቁጥሩን ስታነቡ አንድ ነገር እወቁ። የሚሸጥላችሁ በሜጋ ቢት ነው፤ ፋይል ስታወርዱ ኮምፒውተሩ የሚያሳያችሁ በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ የ10 ሜጋ ቢት መስመር በሰከንድ ቢበዛ 1.25 ሜጋ ባይት ያወርዳል። «10 ብለው 1 ሰጡኝ» ብላችሁ ከመጣላታችሁ በፊት ለ8 አካፍሉ።

በገመድ ስትለኩ የከፈላችሁበትን ያህል ካገኛችሁ መስመሩ ንጹህ ነው። ጥፋቱ ቤት ውስጥ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ምክር ለእናንተ ነው። በገመድም አነስተኛ ከሆነ ደግሞ ራውተር መለወጥ ብዙ ጊዜ አይጠቅማችሁም፤ ደውሉ።

ቦታው

የሐበሻ ቤት ለራውተር የመረጠው ቦታ ቡፌ ነው። ከመስታወቱ በር ኋላ፣ ከብርጭቆዎቹ አጠገብ። አናቱ ላይ ዳንቴል ጣል ይደረግበታል፣ አንዳንዴም የፕላስቲክ አበባ ይጨመርበታል። ያምራል፤ አልክድም። ግን ሳጥኑ የሚተነፍስበት ቀዳዳ ያለው አናቱና ጎኑ ላይ ነው። ዳንቴሉ ያፍነዋል፤ ሲግል ደግሞ ይንቀራፈፋል፤ አንዳንዱ ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። ሁለተኛው ተወዳጅ ቦታ የቲቪ ጀርባ ነው። ቲቪ ማለት ከጀርባው ሰፊ ብረት ያለው ነገር ነው። ሞገዱ እሱ ላይ ተላትሞ ይመለሳል።

የሬዲዮ ሞገድ በምን እንደሚያልፍና በምን እንደማያልፍ ካወቃችሁ ቦታውን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። እንጨትና ችፑድ ብዙም አያስቸግሩትም። የብሎኬት ግድግዳ ይቀንሰዋል እንጂ አያቆመውም፤ ሁለትና ሦስት ግድግዳ ሲደራረብ ግን ይደክማል። ብረት የበዛበት ኮንክሪት፣ ማለትም ኮለንና የፎቅ ወለል፣ ከብሎኬት ይብሳል። ውኃ ሞገዱን ይውጠዋል፤ ስለዚህ ከሮቶና ከአሳ ገንዳ አርቁት። ፍሪጅና ትልቅ መስታወት ይመልሱታል፤ የመስታወት ጀርባ ስስ ብረት የተቀባ ነውና። ቆርቆሮ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል።

የእናቴ ቤት ጉለሌ ነው። ዋናው ቤት የጭቃ ነው፤ ዋይፋዩ በጭቃው ግድግዳ ጥሩ ያልፋል። ጓሮ ያለው ኩሽና ግን ዙሪያውን ቆርቆሮ ነው። ከዋናው ቤት በሩ ላይ ቆማችሁ ቪዲዮ ታያላችሁ፤ ኩሽና ስትገቡ ቴሌግራም እንኳ መልእክት አይልክም። እናቴ ደግሞ ዱባይ ካለችው እህቴ ጋር ማውራት የምትወደው ወጥ እየሠራች ነው። መፍትሔው ርካሽ ነበር፤ ሳጥኑን ወደ ጓሮው በሚያየው መስኮት አጠገብ አዛወርነው። የኩሽናው በር ሲከፈት መስኮቱና በሩ ፊት ለፊት ይተያያሉ። በሩ ሲዘጋ ይቆረጣል፤ እሷ ግን እንጨት ስታነድ በሩን አትዘጋም።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው። ሳጥኑ ቤቱ መሃል ይሁን፤ ከደረት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ክፍት ቦታ ላይ ይሁን። በኮንዶሚኒየም ባለሁለት መኝታ ቤት ከሆናችሁ፣ ሳሎኑን ከመኝታ ቤቶቹ የሚያገናኘው ኮሪደር አፍ ላይ ያለ መደርደሪያ ከሁሉ ይሻላል። አንቴና ካለው ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ሞገዱ ከአንቴናው ጎን እንጂ ከጫፉ አይወጣም ማለት ይቻላል። ጂ ፕላስ አንድ ቤት ካላችሁና ላይኛው ፎቅ ካልደረሰ አንዱን አንቴና አጋድሙት፤ የተጋደመው ወደ ላይና ወደ ታች ይረጫል።

«ገመዱ እዚያ አይደርስም» ትሉኛላችሁ። ፋይበሩን ራሳችሁ ለማስረዘም አትሞክሩ፤ በልዩ ማሽን የሚቀጠል ነው። የኔትወርክ ገመድ ግን እስከ 100 ሜትር ሳይደክም ይሄዳል። ሳጥኑ በሩ አጠገብ ይቅርና ገመድ ብቻ ወደ መሃል ሳቡ፤ እዚያ ሁለተኛ ራውተር ይቀመጣል። ወደሱ እመጣለሁ።

ገብቶ ማስተካከል

ስልካችሁን ከዋይፋዩ ጋር አገናኙና ብሮውዘር ላይ የሳጥኑን አድራሻ ጻፉ። ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 ነው። አንዳንዱ 192.168.0.1፣ የሁዋዌ ፋይበር ሳጥን ደግሞ ብዙ ጊዜ 192.168.100.1 ነው። መግቢያ ስሙና ፓስዎርዱ ሳጥኑ ሆድ ላይ ያለው ስቲከር ላይ ተጽፏል። ካልሠራ የገጠመላችሁ ሰው ለውጦታል፤ እሱን ጠይቁ።

ከገባችሁ በኋላ ማድረግ ያለባችሁ ጥቂት ነው። የመጀመሪያው የመግቢያውን ፓስዎርድ መለወጥ ነው። ይህ ከዋይፋዩ ፓስዎርድ የተለየ ነው። ዋይፋያችሁን የሰጣችሁት እንግዳ የሳጥኑን ሆድ ዕቃ እንዲከፍት አትፈልጉም።

ሁለተኛው የዋይፋዩ ፓስዎርድ ነው። እኛ አገር ብዙ ሰው ስልክ ቁጥሩን ነው የሚያደርገው። 10 አሃዝ ስለሆነ ረጅም ይመስላል። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 09 ወይም 07 እንደሆኑ ማንም ያውቃል። የቀሩት 8 አሃዞች 100 ሚሊዮን ያህል አማራጭ ናቸው፤ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ያንን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ደግሞስ ጎረቤት ስልካችሁን ያውቀው የለ! እኔ የምመክረው አንድ ሙሉ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በላቲን ፊደል መጻፍ ነው። «ሽሮ ያለ በርበሬ ምን ዋጋ አለው» ዓይነት። ረጅም ነው፤ አይረሳም፤ እያንዳንዱ ሰው አማርኛን በላቲን የሚጽፍበት መንገድ ስለሚለያይ ለመገመትም ያስቸግራል። ይችን ግን ተዋት፤ አሁን ሁላችሁም አንብባችኋታል። በግዕዝ ፊደል ለመጻፍ አትሞክሩ፤ ብዙው ሳጥን አይቀበልም።

የጥበቃው ዓይነት ደብሊውፒኤ2 ወይም ደብሊውፒኤ3 ይሁን። «ደብሊውኢፒ» የሚል ካያችሁ ወዲያው ለውጡት፤ ከተሰበረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ያለ ፓስዎርድ በአጭር ቁጥር ወይም በአንድ ቁልፍ የሚያስገባውን «ደብሊውፒኤስ» የሚለውንም አጥፉ።

ሳጥናችሁ ሁለት ሞገድ ካለው 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ ይላል። 2.4 ሩቅ ይደርሳል፤ ግን ዘገምተኛ ነው፤ የጎረቤቱም ሁሉ እዚያው ላይ ይጮኻል። 5 ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ግን ያሸንፈዋል። ቲቪውና ላፕቶፑ ሳጥኑ አጠገብ ከሆኑ 5 ላይ አድርጓቸው። በኮንዶሚኒየም ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ የ2.4 ነገር አያድርስ ነው፤ ሁሉም ሰው ቤቱ ገብቷል። ለ2.4 ቻናሉን ከ1፣ ከ6 እና ከ11 አንዱን ምረጡ። ከእነዚህ ውጭ ያለው ከሁለት ወገን ይጋጫል። ጎረቤቶቻችሁ የትኛው ላይ እንደተከማቹ የሚያሳይ ነፃ አፕ ለአንድሮይድ ሞልቷል።

የገዛችሁት ሁለተኛ ራውተር

ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን እዩ። የስልክ ኮኔክተር የሚገባበት ቀዳዳ የሌለው ራውተር መዳብ መስመር አይቀበልም፤ ሞደም ያስፈልገዋል። ዋጋው አነሰ ብለው ገዝተው የሚመጡት ብዙ ናቸው። ሻጩ «ይሠራል» ይላል፤ ይሠራል ደግሞ፤ ነገር ግን ከአሮጌው ሳጥን ጀርባ ተሰክቶ ነው።

አዲሱ ብዙ ጊዜ የሚረብሸው ራሱን የቤቱ ጌታ አድርጎ ስለሚነሳ ነው። ሁለቱም ሳጥኖች 192.168.1.1 ነኝ ይላሉ፤ ሁለቱም ለስልኮቹ አድራሻ ያድላሉ። ከዚያ አንዱ ስልክ ይሠራል፣ ሌላው «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» ይላል። ስለዚህ አዲሱን ታዛዥ ማድረግ አለባችሁ። ቅንብሩ ውስጥ «አክሰስ ፖይንት» የሚል ምርጫ ካለ እሱን ጫኑ፤ አለቀ።

ከሌለ በእጅ ይሠራል። አዲሱን ብቻውን አብሩ፤ ከአሮጌው ጋር ገና አታገናኙት። ገብታችሁ የዋይፋዩን ስምና ፓስዎርድ ልክ እንደ አሮጌው አድርጉ፤ ስልካችሁ ቤት ውስጥ ስትዘዋወሩ ራሱ ወደቀረበው እንዲሻገር። ቻናሉን ግን ለዩ፤ አሮጌው 1 ከሆነ አዲሱ 11። ከዚያ የራሱን አድራሻ ወደ 192.168.1.2 ለውጡ፤ የአሮጌው አድራሻ ሦስተኛዋ ቁጥር 100 ወይም 0 ከሆነች የአዲሱንም ሦስተኛ ቁጥር በእሷ ልክ አድርጉ። መጨረሻ ላይ ለስልኮቹ አድራሻ የሚያድለውን «ዲኤችሲፒ» የሚለውን አጥፉ። አሁን ገመዱን ከአሮጌው «ላን» ወደ አዲሱ «ላን» ሰኩ። በቀለም የተለየውን «ዋን» የሚለውን ቀዳዳ ባዶ ተዉት። ቀለሙ ስለሚጠራ ብዙ ሰው እሱ ላይ ይሰካል።

ገመድ መዘርጋት ካልፈለጋችሁ ሪፒተር አለ። እኔ ብዙም አልወደውም። ርካሹ ሪፒተር በዚያው ሞገድ ሰምቶ በዚያው ሞገድ ስለሚደግም ፍጥነቱን ግማሽ ያህል ይበላዋል። የግድ ካልሆነ በቀር ገመድ ይሻላል። ገመዱን ስትገዙም ሻጩን «መዳብ ነው ወይስ አሉሚኒየም በመዳብ የተቀባ?» ብላችሁ ጠይቁት። የተቀባው ይቆረጣል፤ በረጅም ርቀትም ይደክማል።

ተከራይ ካላችሁ ወይም ሂሳቡን ከጎረቤት ጋር የምትካፈሉ ከሆነ «ጌስት» የሚለውን ኔትወርክ ክፈቱላቸው። ኢንተርኔት ያገኛሉ፤ የእናንተን ኮምፒውተርና ፕሪንተር ግን አያዩም። የጌስቱን ፓስዎርድ ስትለውጡም የራሳችሁን ስልኮች እንደገና ማገናኘት አይኖርባችሁም።

ስለ መብራት

ምጣድ ሲሰካ ራውተሩ የሚጠፋበት ቤት አለ። ምጣድ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ የራውተሩ አዳፕተር ያንን አይችልም። ከምጣዱ ጋር አንድ ማከፋፈያ ላይ አትሰኩት፤ ቢቻል ከሌላ ሶኬት ይሁን።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ለራውተር ተብላ የምትሸጥ ትንሽ ባትሪ አለች። አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አንብባችሁ ግዙ። 12 ቮልት 1 አምፔር የሚል ከሆነ ባትሪዋም 12 ቮልት መስጠት አለባት፤ አምፔሩ ቢበልጥ ችግር የለም፤ ቮልቱ ከበለጠ ግን ሳጥኑ ይቃጠላል። ፋይበር ያላችሁ በዚህ ትጠቀማላችሁ፤ መንገድ ላይ ያለው የፋይበር ማከፋፈያ ኤሌክትሪክ ስለማይፈልግ ሰፈሩ ቢጨልምም መስመሩ ሊቀጥል ይችላል። የመዳብ መስመር ግን ብዙ ጊዜ ከሰፈሩ ካቢኔት ይነሳል፤ ካቢኔቱ ባትሪ ከጨረሰ የእናንተ ባትሪ ብቻውን ምንም አያደርግም።

በክረምት መብረቅ ሲጀምር የመዳቡን የስልክ ገመድ ከሞደሙ ንቀሉ። ብዙ ሰው የመብራቱን ብቻ ነቅሎ ይተኛል፤ መብረቁ በስልኩ ሽቦ ይገባል። ፋይበሩ መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ለእሱ የመብራቱን መንቀል ይበቃል።

ስትደውሉ

ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ የደንበኛ መስመሩ 994 ነው። «ኢንተርኔት አይሠራም» ብቻ ካላችሁ አጥፍታችሁ አብሩ ትባላላችሁ። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «ፋይበር ነው፣ ሎስ ቀይ በርቷል፣ አጥፍቼ አብርቻለሁ፣ ገመዱ አልታጠፈም።» ወይም «መዳብ ነው፣ ዲኤስኤሉ ሳይብለጨለጭ በርቷል፣ በገመድ ስለካ ግን የምከፍልበትን ሩብ ነው የማገኘው።» የሚያናግራችሁ ሰው ወዲያው ወደ ቁም ነገሩ ይገባል። የአገልግሎት ቁጥራችሁን በእጃችሁ ያዙ። የሳጥኑን ስቲከርና ውል ስትፈርሙ የተሰጣችሁን ወረቀት ዛሬውኑ ፎቶ አንሱ። ፎቶውም ስልኩ ላይ ይቀመጥ፤ ክላውድ ላይ ብቻ ካለ ኢንተርኔቱ በጠፋ ቀን አይከፈትላችሁም።